ለእጥበቱ አዋጣን፤ ለሰሃኑስ?



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ፎጣ ዘርግተን ለኩላሊት ታማሚ ስናሰባስብ ዓመታት ሆነን። አልሐምዱሊላህ፣ ወጣቱ አይሰስትም። ግን ገንዘቡ እጥበት ቤት ሲደርስ የኛ ሥራ ያበቃ ይመስለናል።

በቅርቡ ከጀማዓችን አንዱን ወንድም ልንዘይር ሄድን። ፊቱ ሞላ ብሎ ስናየው "ማሻአላህ፣ ወፍረሃል" አልነው። ሊቀበለን ከፍራሹ ሲነሳ ግን በሁለት እጁ ግድግዳ ያዘ። ጭኑ የኛን ክንድ አክሏል። ያ ሙላት ውሃ ነበር። ኩላሊት ሲደክም ውሃ በሰውነት ይጠራቀማል፤ ሚዛኑ ኪሎው እንዳለ ነው ሲል ጡንቻው ከሥር እያለቀ ነው። ለምሳ የቀረበለት ነጭ ሩዝና ሻይ ነው። እናቱ "ሐኪም ሥጋና እንቁላል ከልክሎታል" አሉን። መቼ? እጥበት ሳይጀምር፣ ከ2 ዓመት በፊት!

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። እጥበት ያልጀመረ ታማሚ ብዙ ጊዜ ፕሮቲን እንዲቀንስ ይመከራል። እጥበት ሲጀምር ግን ምክሩ ይገለበጣል። ማሽኑ ከቆሻሻው ጋር ፕሮቲን የሚሠራበትን አሚኖ አሲድም ይወስዳል፤ በሽታው በውስጥ የሚፈጥረው መቆጣት ደግሞ ጡንቻውን ይበላዋል። ስለዚህ ለእጥበት ታማሚ በቀን በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው። ሩዝና ሻይ የት ያደርሰዋል?

ነገሩ የመልክ ጉዳይ አይደለም። በእጥበት ላይ ካሉት መካከል ጡንቻቸው የሳሳ ሰዎች ቀድመው እንደሚሞቱ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ቤተሰብ "ክሬቲኒኑ ወረደ" ብሎ ሲደሰትም አይተናል። ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው፤ እጥበቱ ሳይቀየር ቁጥሩ ከወር ወር ከወረደ ጡንቻው እያለቀ ሊሆን ይችላልና ሐኪሙ ይጠየቅ።

አንዳንዱ "አጀሉ ከደረሰ ምን ይደረጋል?" ይለናል። አጀል በአላህ እጅ መሆኑን እኛም እናስተምራለን። ግን ለእጥበቱ ስናዋጣ ይህን ያነሳ አልነበረም፤ እንቁላል ላይ ስንደርስ ለምን ተነሳ? ታከሙ ያሉን እኮ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

ይህን አንብቦ ዛሬውኑ ጥብስ ተሸክሞ የሚሄድ እንዳይኖር አደራ። ፖታሲየምና ፎስፈረስ አሁንም ይጠበቃሉ፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። (ለዚያራ ይዘነው የምንሄደው ሙዝና የብርቱካን ጭማቂ ፖታሲየማቸው ብዙ ነው። ስንቱን ጎድተን ይሆን!) የኛ ድርሻ ታማሚው "እጥበት ከጀመርኩ ወዲህ ምግቤ መለወጥ አለበት ወይ?" ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደም እጁን ይዛችሁ እስከ መስጂዱ በር አራምዱት፤ የተኛ ጡንቻ ቶሎ ያልቃል።

ያ ወንድማችን ጠይቆ እንቁላልና ዶሮ ተፈቅዶለታል፤ የሚገዛበት ግን የለውም። ከሚቀጥለው ጁሙዓ ጀምሮ ከእጥበቱ ፎጣ አጠገብ ሁለተኛ ፎጣ እንዘረጋለን፣ ኢንሻአላህ።