የሰባት ወር ውዝፍ

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ምን እንደሚከተለኝ አላጣሁትም። «ተሐድሶ ነው» የሚለኝ ይኖራል። «የእናት ጓዳ ለአደባባይ አይወጣም» ብሎ የሚገሥጸኝም አይጠፋም። ለሁለቱም መልሴ አጭር ነው። እኔ ከቅዳሴው ዜማ ይቀነስ፣ ከጾሙ ቀን ይነሣ ባይ አይደለሁም። የምሟገተው ለአሮጌው ነገር ነው፤ በልጅነቴ ለደረስኩበትና ዓይኔ እያየ ለጠፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ባለፈው ዓመት ዐረፈች። እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአንድ ደብር፣ በሴቶች በር በኩል ባለች አንዲት ዓምድ ሥር ከአርባ ዓመት በላይ ቆማ አስቀድሳለች። ዓምዷን «ባሌ» ትላት ነበር፤ ባሏ ከሞተ በኋላ የተደገፈችው እሷን ብቻ ነውና። ከመሞቷ በፊት ሰባት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ዋለች። በእነዚያ ሰባት ወራት ከደብሩ አንድም ሰው ደጃፏን አልረገጠም። የነፍስ አባቷ ዘንድ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ «እመጣለሁ» አሉ። በሦስተኛው ስልኩ አልተነሣም። ቀንዲል ሳይደገምላት፣ ንስሓዋን የሚሰማ ሳታገኝ ሄደች። ጠዋት ጠዋት አጥሚት ይዛ ትመጣ የነበረችው ሙስሊም ጎረቤቷ ናት።

ባረፈች ማግስት ለቀብሩ ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ጨዋ ልጅ ነው፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ መዝገቡን ገለጠ። ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ቆየና፣ «የሰባት ወር ውዝፍ አለባቸው» አለኝ።

ምን ልበል? በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ካህን፣ ያ ሁሉ ሰባኪ፣ ያ ሁሉ ዘማሪ ባለበት፣ የአክስቴን መጉደል ያወቀ አንድ ነገር ተገኘ። እሱም የመዋጮው መዝገብ ነው።

በዚህ አላበቃም። ለፍትሐት ሲቆሙ ካህኑ ወደ እኛ ዞረው «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉ። እኛ ዘመዶቿ ተያየን። (ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን አላወቅነውም።) በደብሩ መዝገብ ያለው የመታወቂያ ስሟ ነው፤ ምክንያቱም ካርኒ የሚቆረጠው በእሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ያወጣችላትን ስም ቤተ ክርስቲያን አታውቀውም! በመጨረሻ ከኋላ አንዲት ያረጁ ማኅበርተኛዋ ስሟን ጮኸው ተናገሩ። እኚያ ሴትዮ ባይመጡ ኖሮ በምን ስም ይፈታት ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ከአርባው በኋላ ይህንኑ ለአንድ የሰበካ ጉባኤ አባል አጫወትኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። «ልጄ፣ በሰንበት የሚመጣውን ሕዝብ አይተኸዋል? ከዚያ ሁሉ ማንን ከማን እንለያለን?» አሉኝ።

እድሩስ እንዴት ለየ? የአክስቴ እድር ሰባኪ የለው፣ ድምፅ ማጉያ የለው። ግን በታመመች በሁለተኛው ሳምንት ጠያቂ ላከ። በሞተች ዕለት ገና ሳይነጋ ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንበሩ ተደረደረ፤ የቀረ አባል ይቀጣልና ሁሉም ተገኘ። እድር የነፍስ ነገር አያውቅም፤ አውቃለሁም አይልም። ታዲያ በነፍስ ጉዳይ የቆመው ቤት፣ ለድንኳንና ለድስት የቆመው ማኅበር የሚያውቀውን ያህል ልጆቹን የማያውቀው ለምንድን ነው?

«ገንዘብ ነው ያበላሸን» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ እንዲህ በጅምላ አልስማማም። ቃለ ዓዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ ደንብ በ1965 ዓ.ም.፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ሲወጣ፣ ምእመኑ ከካህኑ ጋር ተቀምጦ አጥቢያውን እንዲያስተዳድር ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ቤተ ክርስቲያን መሬቷንና የቤት ኪራይዋን በአንድ ዓመት አጣች። ፓትርያርኩም ታስረው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያ ክፉ ቀን ደብሮቹን ያቆመው እነ አክስቴ ከመቀነታቸው እየፈቱ የሰጡት ሳንቲም ነው። ዕጣኑም፣ ጧፉም፣ የካህኑ ደመወዝም ከዚያ ወጣ። ያን ገንዘብ ማን ይነቅፈዋል? የኔ ክስ ሌላ ነው። ጉባኤው ሁለት አደራ ነበረው፣ ሰውን መጠበቅና ሒሳብን መጠበቅ፤ ዛሬ በእጁ የቀረው ሒሳቡ ብቻ ነው። (ሒሳቡስ ቢሆን... ይቅር፣ የዛሬ ጉዳዬ አይደለም።)

በልጅነቴ ሰውን የሚጠብቀው ሰንበቴው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በዚያች ዝቅ ያለች የቆርቆሮ ቤት ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፤ የኔ ቢጤውም ከሰንበቴተኛው ጋር ይበላል። እኔ ለዳቦው ነበር የምሄደው፤ ቢሆንም ጆሮዬ የሰማውን አልረሳም። ዳቦው ሳይቆረስ በፊት «ዛሬ ማን ቀረ?» ይባላል። የቀረ ሰው ካለ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሰው ቤቱ ይላካል። ከድርሻውም በመሶብ ይወሰድለታል። የእኛ ደብር የሰንበቴ ቤት ዛሬ ወደ አስፋልቱ በር ተከፍቶለት የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ኪራዩ ለሕንፃው ይውላል አሉ።

ሕንፃው! ስብከቱ ሩብ ሰዓት ከሆነ ስለ ሕንፃው የሚነገረው አንድ ሰዓት ነው። ለስለት የገባው ጥላና ምንጣፍ ለጨረታ ይወጣል። ከፍ አድርጎ የጠራ ስሙ በድምፅ ማጉያ ተደጋግሞ ይነገራል፤ እልልታ ይቀልጣል። ለእሱ ስሙን የሚጠይቅ አልጠፋም። በዚያ ሰዓት ጥግ ላይ ያለችው አሮጊት ከመቀነቷ ፈትታ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የጣለችውን ማን አየላት?

አጥቢያው ተበትኗል የሚለውን ምክንያት ግን አልንቀውም። አጥቢያ ማለት ጎረቤት ነበር። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደ፤ ገሚሱ የካ አባዶ፣ ገሚሱ ቱሉ ዲምቱ ገባ። ሆኖም ልብ በሉ፤ እነዚያው ሰዎች በሌሊት ተነሥተው፣ ሁለት ታክሲ ለውጠው ወደ ድሮ ደብራቸው ይመጣሉ። ፍቅሩ አልሞተም። የሞተው ሲመጡ የሚያያቸው፣ ሲቀሩ የሚፈልጋቸው ዓይን ነው።

በ1987ቱ ቆጠራ ከሀገሩ ሕዝብ 50.6 በመቶ ኦርቶዶክስ ነበር፤ በ1999ኙ 43.5 በመቶ ሆነ። ይህ ቁጥር በተነሣ ቁጥር ሌላው ወሰደብን እንላለን፤ እንቆጣለን። መጽሐፍ ጠቅሶ ያሳመናቸው ጥቂት ይሆናሉ። ከጎረቤቴ የሄደች አንዲት ልጅ ግን ለምን እንደሄደች ስጠይቃት ስለ ሃይማኖት ክርክር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «ታምሜ ስቀር ደወሉልኝ» ነው ያለችኝ። የምትከራከርበት ነገር የለውም።

እኔስ? ድፍን ዓመት ወንጌሉ ከተነበበ በኋላ እየደረስኩ፣ በቅጽሩ ግንብ ተደግፌ፣ በአንድ ጆሮዬ ቅዳሴውን በሌላው የጓደኛዬን ወሬ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። አጠገቤ የሚቆመውን ሽማግሌ ሦስት ዓመት ተሳልሜያቸው ስማቸውን አልጠየቅኩም። ክሱ እኔንም ይጨምራል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ሚሊዮን ብርም አይፈጅም። በዚያ መዝገብ ላይ ሁለት ዐምድ ይጨመር፦ አንዱ ለክርስትና ስም፣ አንዱ ለነፍስ አባት ስም። ሦስት ወር ሳይከፍል የቀረ ሰው ሲገኝ ውዝፍ ከመጻፉ በፊት አንድ ዲያቆን ቤቱ ይላክ። የሰንበቴው ቤት ይመለስ። ሕንፃው አንድ ዓመት ቢዘገይ ሰማይ አይወድቅም።

ያን ዕለት ውዝፉን ከፍዬ ወጣሁ። ካርኒው እስከ አሁን በኪስ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ቀኑ አለበት፣ ማኅተሙ አለበት፣ የገንዘቡ ልክ በፊደልም በአኃዝም ተጽፏል። «ምክንያት» ከሚለው ፊት ጸሐፊው ምን ብሎ እንደሚሞላው ለጥቂት ጊዜ አሰበና፣ «ሳይመጡ ለቆዩበት» ብሎ ጻፈ።