ዝናብ ብቻ ነው እንዴ?

ባለፈው ሰሞን ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ወጥተን ሳለ፣ ከመካከላችን አንዱ ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ድርቅ ያስተምር ነበር። በሰሌዳው ላይ «የረሃብ ምክንያት፦ የዝናብ እጥረት» ብሎ ጻፈ፤ ልጆቹም ገለበጡ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ዝናቡ የቀረው ለሁላችንም ነው፤ ታዲያ የእህል ነጋዴው ቤት ለምን አልተራበም?» ሲል ጠየቀ። ጓደኛችን «ከትምህርቱ አትውጣ» አለው። ከኋላ ተቀምጠን ነጥብ እንይዝ የነበርነውም መልሱ አልነበረንም። ለአቀራረቡ ግን ጥሩ ነጥብ ሰጠነው!

አንድ ኢትዮጵያዊ የጂኦግራፊ መምህር ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ብዙ ዓመት እንደ ደከሙበት ያወቅነው ከዚያ ወዲህ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። ስማቸውን ያልሰማ የለም፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በፖለቲካና በእስራት ወሬ ነው። በዶርማችን ስምንት ሰዎች ጠይቀን የጂኦግራፊ መምህር እንደ ነበሩ ያወቀው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለእኛ ለዕጩ መምህራን የሚያሳፍር ነው።

በ1930 አዲስ አበባ ተወለዱ (ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1955 ከሕንድ አገር ከፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛውን በ1957 ከአሜሪካ ከክላርክ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። ተመልሰውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ አስተማሩ፤ የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍሉንም መሩ። በ1962 የኢትዮጵያን አትላስ አዘጋጁ፤ በ1972 ደግሞ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መግቢያ የሆነውን መጽሐፋቸውን አወጡ። ዶክትሬታቸውን የያዙት ከሁለተኛው ዲግሪ 20 ዓመት ቆይተው በ1977 ነው። እኛ 12ኛ ክፍል ስንጨርስ ደብተሮቻችንን ለሱቅ መጠቅለያ የሸጥን ሰዎች ይህን ብናስብበት አይከፋም።

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። በ1974፣ የወሎ ረሃብ አገሩን ባናወጠበት ወቅት፣ የባለሥልጣኖችን ጥፋት እንዲያጣራ የተቋቋመውን መርማሪ ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት መሩ። ቀጥሎም በ1984 በታተመው መጽሐፋቸው ከ1958 እስከ 1977 በገጠሩ የደረሰውን ረሃብ መረመሩ። ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም፤ ድርቅ የተፈጥሮ ነው፤ ረሃብ ግን መጠባበቂያ የሌለውን ሰው ፈልጎ የሚያገኝ ነው። ገበሬው ለግብርና ለዕዳ ሲል እህሉን ዋጋ በወደቀበት በአጨዳ ማግሥት ይሸጣል፤ በክረምት ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ጎተራው ባዶ ሆኖ ሳለ አንድ ዝናብ ቢቀርበት ምን ይይዛል? ስለዚህ ገበሬውን፣ ተፈጥሮንና የኑሮውን የፖለቲካና የኢኮኖሚ ሥርዓት አንድ ላይ ማየት ይገባል የሚል ነው ክርክራቸው። ያ ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ጠቅልሎት ነበር።

በ1991 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን ሲያቋቁሙ «ጂኦግራፊውን ትተው ፖለቲካ ገቡ» የሚል ሰው ይኖራል። እኛ አይመስለንም። ካርታ ላይ ረሃብ የት እንዳለ ያየ ሰው ለምን እዚያ እንዳለ ሳይጠይቅ አይቀርም፤ ለምን ካለ ደግሞ ሰው ጋ ይደርሳል። እስከ 2020 ድረስ፣ በ90 ዓመታቸው እስኪያርፉ፣ ዝም አላሉም። በሁሉም ሐሳባቸው እንስማማለን ማለታችን ግን አይደለም፤ በዶርማችንም ስለ እሳቸው የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አላባራም።

«ልጁ መጀመሪያ ወንዙንና ተራራውን ይወቅ እንጂ» ለሚሉን ጓደኞቻችን፦ ልክ ነው፣ ይወቅ። እሳቸውም የጀመሩት ከአትላስ ነው። እኛ ግን 12 ዓመት ሙሉ ከአትላሱ አልወጣንም። የራስ ዳሸንን ከፍታ እንቅልፋችንን ሆነን ብንጠየቅ እንመልሳለን፤ ከግርጌው ያለው ገበሬ ገብሱን በስንት ሸጦ በስንት እንደሚገዛ የጠየቀን መምህር አላጋጠመንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

በሚመጣው ማክሰኞ ወደዚያው ክፍል እንመለሳለን። ጓደኛችን ፈቃደኛ ሆኖ፣ ልጆቹ የቀበሌያቸውን ካርታ እንዲስሉ ሊያደርግ አስቧል፦ ወፍጮ ቤቱን፣ ገበያውን፣ መንገዱን፣ ጎተራ ያለበትን ቤትና የሌለበትን። ቾክና ትልልቅ ወረቀት ያላችሁ አበድሩን። ልጁን ከፊት እናስቀምጠዋለን።