ክብሪቱ ያልሠራው ሥራ

ራስን መሳት ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም በድንገት ሲያንስ የሚከሰት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ የማያልፍ የንቃት መጥፋት ነው። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ የሰሊጥ አራሚ ወይም አጫጅ ማሳ ላይ ሲወድቅ ግን ፍርዱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ምች መታው። ሰው ይከበዋል፤ ደግፈው ያስቀምጡታል፤ ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር ይይዙለታል። ዓይኑን ሲገልጥ ነገሩ አለቀ፤ ክብሪቱም ይመሰገናል።

ምስጋናው ያለ ቦታው ነው። የወደቀ ሰው ልቡና ራሱ በአንድ ከፍታ ላይ ስለሚሆኑ እግሩ ውስጥ የተጠራቀመው ደም ወደ አንጎሉ ይመለሳል፤ ጭስ ሸተተውም አልሸተተው ይነቃል። ደግፎ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ይህንኑ መመለስ ማዘግየት ነው። የሚጥል በሽታ ላለበትም ክብሪት አንዳች አይፈይድም፤ ፊት ሊያቃጥል ግን ይችላል። የሚበጀው በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ልብሱን ማላላትና ከበባውን መበተን ነው። ካስመለሰው ወይም ቶሎ ካልነቃ በጎኑ ይተኛል። በደንብ ሳይነቃ ውኃም ቢሆን በአፉ አይሰጥም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና።

ይሁን እንጂ የክብሪቱ ጥፋት ትንሹ ነው። ትልቁ ጥፋት «ምች» ከተባለ በኋላ ሌላ ጥያቄ አለመነሣቱ ነው።

ሙቀት ብቻውን ሰው ይጥላል። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ለሥራ የሚመጣው ብዙው ደግሞ ደገኛ ነው። ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሥራው ግን በመጡ ማግሥት ይጀመራል። በላብ ውኃና ጨው ሲጎድል፣ የቆዳ ደም ሥሮች ሲሰፉ የደም ግፊት ይወርዳል። ቶሎ የነቃና አእምሮው የጠራ ሰው በጥላ፣ በዕረፍትና በኦ አር ኤስ ይድናል። የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ የሚዘባርቅ ወይም የሚንቀጠቀጥ ግን ሊሞት ይችላል። እዚህ ላይ ውኃ መድኃኒት ነው፦ መላ ሰውነቱን እያራሱና እያራገቡ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መውሰድ ያሻል።

ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ለፀሐይ መስጠት ደግሞ በዚህ አገር አደገኛ ነው። የሰሊጥ አጨዳ የሚውለው በመስከረምና በጥቅምት፣ ወባ በሚበረታበት ወቅት ነው። ከደጋ የመጣ ሰው ለወባ የዳበረ መከላከያ የለውም፤ ፋልሲፓረም የተባለው ዓይነት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር አውርዶና አንጎልን አጥቅቶ በአጭር ጊዜ ይገድላል። ምርመራው ከጣት የምትወሰድ አንዲት ጠብታ ደም ናት፤ ውጤቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ጤና ኬላም ይሠራል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውየው ከከሳና ጣፊያው ካበጠ ካላዛር የተባለው በሽታ ይጠረጠራል፤ የደም ማነስ ስለሚያስከትል ሲነሡ ራስ ያዞራል፣ ይጥላልም።

ሙቀትም ወባም የሌለበት መውደቅ አለ። በሥራ ወይም በሩጫ መሃል የወደቀ፣ ደረቱን ያመመው፣ ልቡ ያለ መጠን የመታ፣ ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ያለበት ሰው ልቡ መመርመር አለበት። ነፍሰ ጡር፣ ጥቁር ሰገራ ያየ፣ እባብ የነደፈው፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ሲወድቅ ራሱን የተመታም ሳይመረመር መቅረት የለበትም። ነቅቶ ከተወዛገበ ወይም አንድ ጎኑ ከዛለ ለነገ ማሳደር አይገባም። በአንጻሩ ደም አይቶ፣ ደንግጦ ወይም ባዶ ሆዱን ለረጅም ሰዓት ቆሞ የወደቀ ጤነኛ ወጣት፣ ወዲያው ከነቃና ሌላ ምልክት ከሌለው፣ ብዙም አያሰጋም።

ዳማከሴ መጠጣትም ሆነ ጠበል መጠመቅ ከምርመራ ጋር ጠብ የለውም፤ ሰው የሚሞተው በመዘግየቱ ነው። ለመዘግየቱም ተጠያቂው የወደቀው ሠራተኛ ሊሆን አይችልም፤ የዕለት ክፍያው እንዳይቀር ይፈራል፣ መኪናም የለውም። መኪናው ያለው የእርሻው ባለሀብት ዘንድ ነው። ሰሊጡን በሰዓቱ ገንዳ ውኃ ከተማ የሚያደርስ መኪና፣ ራሱን የሳተ ትኩሳታም ሠራተኛንም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ማድረስ ይኖርበታል።