ሻይ ልንጠጣ ገብተን

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ሽሮ አቀማመም፣ ደሞዝን አብቃቅቶ ስለ መኖር፣ ስለ ልጆች ክትባትም ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ወደ ሩቅ ገበታ እንወስዳችኋለን፤ በዚያ ገበታ ላይ የፈጸምነውን ጥፋት ከባለቤታችን ጋር ብቻ ተነጋግረን ማለፉ አልበቃንምና።

ነገሩ የሆነው በደቡብ ቻይና፣ በጓንጁ ከተማ ነው። የባለቤታችን ታናሽ ወንድም፣ በዚያ እንደሚመላለሱት ብዙ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች፣ ዕቃ እየገዛ ወደ አገር ቤት ይልካል። «አንድ ጊዜ እንኳ መጥታችሁ እዩኝ» እያለ ሲወተውት ከርሞ፣ በመጨረሻ የሁለታችንንም የአውሮፕላን ቲኬት ቈርጦ ላከልን። ባለቤታችን አብዛኛውን የትዳር ዘመኗን ያሳለፈችው በጦር ሠፈሩ ቤት ልጆች እያሳደገች ነው፤ እኛም በግዳጅ ላይ። ከሠርጋችን ወዲህ አስተናጋጅ በቆመበት ገበታ ፊት ለፊት ተቀምጠን የበላነው መቼ እንደ ሆነ ብንጠየቅ መልስ የለንም። ስለዚህ ያ እሑድ ጧት ለእኛ ተራ ቀን አልነበረም።

የአገሩ ሰዎች ምግቡን «ዲም ሰም» ይሉታል፤ ትርጓሜው «ልብን መንካት» ወደሚለው ይጠጋል። ሊበሉት ሲሄዱ ግን «ያም ቻ» ይባባላሉ፤ ሻይ እንጠጣ ማለት ነው። ሻዩ ባለቤት፣ ምግቡ አጃቢ መሆኑ ነው። ልማዱ የካንቶን ሰዎች ሲሆን፣ አያት ከልጅ ልጁ ጋር በአንድ ክብ ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ ረፋዱን በጨዋታ ያሳልፋል። በቀድሞው ጊዜ ሴቶች ትናንሽ የቀርከሃ መሶቦች የተደራረቡበትን ጋሪ እየገፉ፣ የምግቡን ስም እየጠሩ በገበታዎቹ መካከል ያልፉ ነበር፤ እንግዳውም ክዳኑ ተነሥቶለት በዓይኑ አይቶ ይመርጣል። ዛሬ ጋሪው ከጥቂት ቤቶች በቀር አይታይም።

እኛ የገባንበት ዘመነኛው ዓይነት ነው። በትልቅ የገበያ ሕንፃ ላይኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ወጣቶች ቁጥር ይዘው ከበሩ ውጭ የሚጠብቁበት ቤት ነበር። (ሰልፍ እንኳ ለወታደር አዲስ አይደለም።) ስልክ በገበታው ላይ ወደ ተለጠፈው ምልክት ሲጠጋ የምግቦቹ ሥዕል ይወጣል፤ በጣት የተነካው ሁሉ ወጥ ቤት ይደርሳል። እንዲህ ያለው ቤት ውድ ነው ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። በሆንግ ኮንግ፣ ማክ ክዋይ ፑይ የተባለ የትልቅ ሆቴል ምግብ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2009 «ቲም ሆ ዋን» የተባለ ጠባብ ቤት ከፍቶ፣ ወዲያው ስመ ጥሩውን የሚሽላን ኮከብ አገኘ። ያን ጊዜ ኮከብ ካላቸው ቤቶች ሁሉ ርካሹ እየተባለ ተወራለት።

ሻይ ሲቀዳልን የሚስታችን ወንድም በሁለት ጣቶቹ ገበታውን መታ መታ አደረገ። ምስጋና ነው አለን። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ ቺየንሎንግ የተባለው ንጉሠ ነገሥት ተራ ሰው መስሎ ሲዘዋወር ለአሽከሩ ሻይ ቀዳለት፤ አሽከሩም ተንበርክኮ ምሥጢሩን እንዳያወጣ ጣቶቹን በገበታው ላይ አንበረከካቸው። ይህ ሰላምታ ለእኛ ለወታደሮች እጅግ ተስማማን፤ ሻይ በተቀዳ ቍጥር እየደጋገምን ሰጠነው።

ጥፋታችን የጀመረው ወንድሟ ስልክ ሊያነጋግር ሲወጣ ነው። ከመጡት መሶቦች በአንዱ ውስጥ ሦስት ነጫጭ እብጥ ያሉ ዳቦዎች ነበሩ። በእንፋሎት የበሰሉ ናቸው፤ የእኛ ሕብስት ታናናሽ እኅቶች ብንላቸው አልተሳሳትንም። ባለቤታችን አንዱን ቈርሳ ውስጡ ቀይ ሥጋ ብታይ፣ «ይህ ምንድን ነው?» አለችን።

«ዶሮ ነው» አልን።

ከየት አምጥተን እንዳልነው ዛሬም አናውቅም። በዓለም የዞርን መስለን ለመታየት ሳይሆን አይቀርም። እርሷም በላችና «ጣፋጭ ነው፤ ማር ያለበት ይመስላል» አለች። እኛ የመብያውን እንጨት ይዘን ከሽሪምፑ ጋር ግብግብ ላይ ነበርን።

ወንድሟ ተመለሰ። መሶቡን አየ፤ እኅቱን አየ፤ ከዚያ እኛን አየን። የዚያን ጊዜ ገባን። ያ ዳቦ «ቻ ሲው ባው» ይባላል፤ በውስጡ ያለውም በጣፋጭ ቅመም የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው። ባለቤታችን ደግሞ የአሳማ ሥጋ እንኳን በአፏ በጓዳዋም እንዲገባ የማትፈቅድ ሴት ናት። ለወንድሟ በዓይናችን «ዝም በል» አልነው። ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብዳል። ደስታዋ እንዳይበላሽ ብለን ነው ብንል ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ «ዶሮ ነው» ያልነው እኛ መሆናችን ነው። እርሷም ሁለተኛውን አንሥታ በላች።

ወደ ሦስተኛው እጇን ስትዘረጋ ግን አልቻልንም፤ መሶቡን ሳብ አደረግነው። ለዓመታት በላክንላት ደብዳቤ ውስጥ ያልጻፍነውን ማንበብ የለመደች ናትና ወዲያው ነቃች። የጠየቀችውም ወንድሟን እንጂ እኛን አልነበረም።

«እትዬ፣ አሳማ ነው» አላት አንገቱን ደፍቶ።

አልጮኸችም። ሻይዋን ተጕመጠመጠችና አፏን ጠረገች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ «መቼ ዐወቅህ?» አለችን።

«አሁን።»

«አሁን መቼ?»

«እርሱ ሲመለስ።»

ጥቂት አሰበች። «የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው የበላሁት፤ ለአምላኬ እነግረዋለሁ። ሁለተኛውን ግን ለማን ልንገር?» አለች።

መልስ አልነበረንም። በዙሪያችን ያለው ቤት ሁሉ ሲስቅና ሲንጫጫ፣ የእኛ ገበታ ብቻ የሌሊት ዘብ መሰለ። ወንድሟ «ተነሥተን እንሂድ» ቢል እንቢ አለች፤ «ገንዘብ አውጥተህበታል» አለችው። ቀጥላም አስተናጋጇን በእጇ ጠራቻት። አንዲት ቃል ሳትናገር አፍንጫዋን በጣቷ ወደ ላይ ገፍታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የአሳማ ድምፅ አሰማች። ልጅቱ ሣቋን መግታት አቅቷት አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ከዚያ ግን መሶቦቹን አንድ በአንድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትለያቸው ጀመር።

በዚያ የተማርነውን፣ መንገድ ለሚገጥማቸው አንባብያን እናስተላልፋለን። ክፍት አናት ያለው «ሲው ማይ» አሳማ አለበት። ከነጭ ሥር የሚጋገረው ቂጣ ብዙ ጊዜ የአሳማ ቋሊማ ይከተትበታል። «ሃር ጋው» የተባለው ስስ የሽሪምፕ ጥቅል ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሽሪምፑ ጋር የአሳማ ስብ የሚጨመርበት ቤት ብዙ ነውና መጠየቅ ይገባል። በሙስሊሞች ቤት ይህ ሥጋት የለም፤ ጓንጁ ጥንታዊ መስጊድ ያላት ከተማ ስለ ሆነች እንዲህ ያሉ ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። ለሚጾም ሰው ደግሞ የቡድሃ ተከታዮች ቤት አለ፤ ሥጋና ዓሣ አይገባበትም፤ ሽንኵርትና ነጭ ሽንኵርትም እንኳ ይተዋሉ። ያለ ሽንኵርት የተሠራ ወጥ ባለቤታችንን ከአሳማው ባላነሰ አስገርሟታል።

ወደ ገበታችን እንመለስ። ወንድሟ አስቀድሞ ያዘዘው የመጨረሻው መሶብ ደረሰ፤ ክዳኑ ሲነሣ ሦስታችንም ደነገጥን። ጆሮና አፍንጫ ያላቸው፣ ዓይናቸው በጥቁር ነጥብ የተሣለ ሦስት የአሳማ ግልገሎች ተኝተውበታል። የዘመነኞቹ ቤቶች ዳቦን በአራዊት መልክ መሥራት ይወዳሉ። አስተናጋጇ ግን አፍንጫዋን እንደ ባለቤታችን ወደ ላይ ገፍታ ራሷን ነቀነቀች፤ በውስጡ የእንቍላልና የወተት ክሬም ብቻ ነው ማለቷ ነው። ነጩና የዋሁ ዳቦ አሳማ ይዞ፣ አሳማ የመሰለው እንቍላል ይዞ መጣ!

ባለቤታችን አንዱን ግልገል በጣቶቿ አነሣችው። «ቀማሹ አንተ ነህ» ብላ ሙሉውን አጎረሰችን። ውስጡ እንደ ፈላ ማር ነበር፤ ምላሳችን ተቃጠለ፤ ዓይናችን እንባ አቀረረ። ሆኖም መትፋት አልደፈርንም፤ ዋጥነው።

«ምንድን ነው?» አለችን።

«እንቍላል» አልን፤ በዚህ ጊዜ እርግጠኞች ነበርን።

ለረጅም ጊዜ ትክ ብላ አየችን። ከዚያ «አንድ ጕርሻ ያጣላል» አለችና ሁለተኛውን አነሣች።