መዝገብ ያልያዘው የሰኔ ጣዕም

ሰኔን ቋንቋችን አይወደውም። ክፉ ነገር ሲደራረብብን «ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ» እንላለን። በሌላው ላይ የወረደው መከራ ነገ የኛንም ደጅ እንደሚያንኳኳ ስናስጠነቅቅ «ሰኔ፣ ነግ በኔ» እንላለን። ምስኪኑ ወር በራሱ ያጠፋው ነገር የለም። የከረመው እህል ተሟጦ አዲሱ ገና ያልተዘራበት፣ ገበሬው ከጎተራው የቀረችውን ልብላት ወይስ ልዝራት እያለ ከራሱ ጋር የሚሟገትበት ወር ስለሆነ ስሙ ከስጋት ጋር ተቆራኝቶ ቀረ። እኔ በምሠራበት ሙያም ቢሆን ሰኔ መልካም ስም የለውም። ባንክ ቤት ውስጥ ሰኔ ሒሳብ የሚዘጋበት ወር ነው፤ ሳንቲም ጎደለች ተብሎ እስከ ምሽት መዝገብ የሚገለበጥበት፣ ደንበኛውም ሠራተኛውም ፊቱን የሚያጠቁርበት።

ይሁን እንጂ ዛሬ ለሰኔ ጠበቃ ሆኜ ልቆም ነው። ክርክሬም ይህ ነው፦ አዲስ አበባን በምላሱ፣ በአፍንጫውና በጆሮው ሊያውቃት ለሚሻ ሰው ከክረምቱ መግቢያ የተሻለ ወቅት፣ ከመርካቶ ራጉኤል የተሻለ ሥፍራ የለም። ይህን ሀብት ግን ሥነ ጽሑፋችን አልመዘገበውም። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሀብት ደግሞ ሲጠፋ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅለት አያገኝም።

ራጉኤል ስንል የቅዱስ ራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ስሙ ለሰፈሩ ሁሉ ተርፏል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ርቀት ላይ ታላቁ አንዋር መስጊድ ቆሟል። በሁለቱ መካከልና በዙሪያቸው መርካቶ በየ«ተራ»ው ተከፋፍላ ትርመሰመሳለች፤ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ፣ እህል በረንዳ። ጣሊያን ከተማችንን በያዘባቸው ዓመታት (1928–1933 ዓ.ም.) ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ ለማስፈር አቅዶ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ የነበረውን ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ አመጣው፤ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ሰው ገበያ አለው። ሐሳቡ መለየት ነበር። የአገሬው ሰው ግን ከጉራጌው፣ ከኦሮሞው፣ ከአማራው፣ ከሐረሪው፣ ከስልጤው፣ ከትግሬው፣ ከዶርዜው ተሰባስቦ ለመለያየት የታሰበውን ቦታ መገናኛ አደረገው። ዛሬ «መርካቶ» ስንል ቃሉ ከጣሊያንኛ መምጣቱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። «ማኪያቶ» ስንል እንደማናስታውሰው ሁሉ።

ወደ ወቅቱ ልመለስ። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው፤ መነሻውም የዘርና የደመና ጊዜ ይባላል። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ሰማዩ ማጉረምረም ይጀምራል። በነዚያ ሳምንታት ከራጉኤል ወደ በርበሬ በረንዳ የሚወስደውን መንገድ በእግራችሁ ሂዱ። የመጀመሪያዎቹ የዝናም ጠብታዎች ትቢያውን ሲመቱት የመሬቱ ሽታ ይነሣል፤ በዚያ ላይ የበርበሬው፣ የኮረሪማው፣ የጥቁር አዝሙዱና የበሶብላው ሽታ ይታከልበታል። ነጋዴዎች ላስቲክ እየጎተቱ ሸቀጣቸውን ለመሸፈን ሲሯሯጡ፣ ተሸካሚዎች «ዞር በል! ዞር በይ!» እያሉ ሲያልፉ፣ አፍንጫ ብቻውን የአገሪቱን ካርታ ያነባል። በበጋ ይህ ሽታ አቧራ ይበላዋል፤ በነሐሴ ደግሞ ጭቃ ይውጠዋል። የሚገኘው በመካከል ነው።

ምግቡንም ወቅቱ ይመርጥልናል። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ እስከ ሐምሌ 5 ጾመ ሐዋርያት አለ፤ ሕዝቡ የሰኔ ጾም የሚለው። ብዙ ሰው ጾምን ከገበታ እንደ መጉደል ይቆጥረዋል። በራጉኤል ግን ጾም ገበታ ያሰፋል። እንደምናውቀው በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሥጋ ላይ ይለያያሉ፤ የአንዱን ቢላ ሌላው አይቀምስም። ሽሮው፣ ምስር ወጡ፣ ክክ አልጫው፣ ጎመኑ፣ ስልጆውና ሱፉ ግን ባራኪ አይጠይቁም። ስለዚህ በሰኔ ቀትር ላይ በአንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ውስጥ መስቀል ያሠረውና ቆብ የደፋው ነጋዴ አንድ ትሪ በያይነቱ ከበው ቁጭ ይላሉ፤ ስለ ጨርቅ ዋጋ እየተከራከሩ ይጎራረሳሉ። ማለዳ ላይም እንዲሁ ነው። ሌሊቱን ሲንተከተክ አድሮ የተፈጨው ፉል ከነሽንኩርቱ፣ ከነቲማቲሙና ከነቃሪያው በትኩስ ዳቦ ሲቀርብ ማን የየትኛው ደጅ ሰው እንደሆነ የሚለይ የለም። ስለ መቻቻል ስንት አዳራሽ ተከራይተን ተሰብስበናል! ባቄላና ክክ ግን ያለ ስብሰባ ሥራቸውን እየሠሩ ነው።

ብርዱ መጠጡን ያጣፍጠዋል። ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ በጥር ቢጠጣ ሻይ ነው፤ በሰኔ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዝናሙ ሲወርድ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጅ ይዞ መጠጣት ግን ከመጠጣት ያልፋል። ሻይና ቡና የሚቀላቀሉበትን ስፕሪስ የፈለሰፈውን ሰው ስሙን ባውቀው ስንኝ በቋጠርሁለት። ጀበናዋ ከሰል ላይ ባለችበት ጥግ ደግሞ ዝናሙ እስኪያባራ ተብሎ የተጀመረ አቦል ወደ ቶና፣ ቶናው ወደ በረካ ይዘልቃል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ሸራ ሥር ተጠልለው ወግ ይጀምራሉ። ዝናም በከተማችን ካሉት አጋፋሪዎች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ሰውን ያለ ምርጫው አንድ ቤት አስገብቶ ያስቀምጣል። ሲመሽ፣ ለሚጠጣ ሰው፣ ጠጁ አለ። ማሩና ጌሾው እዚሁ ገበያ ተሸጠው እዚሁ ከተማ ተጥለው፣ በብርሌ ሲቀርቡ ወርቅ ይመስላሉ።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር ኪነ ጥበብን የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። በራጉኤል ጥበብ ከምግቡና ከመጠጡ ተለይታ ቲኬት የምትቆረጥባት አይደለችም። ሌሊት ካህናቱ የሚያዜሙት፣ ንጋት ላይ ከሚናራው የሚሰማው አዛን፣ ቀን ላይ ከአንዱ ሱቅ መዝሙር ከሌላው ሱቅ መንዙማ የሚወጣበት ድብልቅ፣ ሁሉም ከፉሉና ከቡናው ጋር አብሮ የሚቀርብ ነው። በጠጅ ቤት አዝማሪው ማሲንቆውን ሲቃኝ ከተቀማጩ አንዱ «ተቀበል!» ይለዋል፤ ሰሙንና ወርቁን በዚያው ቅጽበት ይወረውርለታል። ግጥሙን ያወጣው ጠጪው ነው፣ ያዜመው አዝማሪው ነው፣ የሚስቀውና የሚቆጣው ቤቱ ነው። እኛ ስንኝ ቋጣሪዎች አንባቢ ጠፋ እያልን እናማርራለን፤ እዚያ ግን አድማጩ ራሱ ደራሲ ነው።

ይህ ሰፈር ለአገር ያበረከተው ትንሽ አይደለም። ማሕሙድ አህመድ በ1933 ዓ.ም. የተወለደው መርካቶ ነው። በልጅነቱ ጫማ ጠርጓል፤ በአሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ ነው የመድረክን በር ያገኘው። ከዚያ የወጣው ድምፅ ዓለምን ዞሮ፣ በጥር 2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ ሕዝቡን ተሰናበተ። በዚያ ድምፅ ውስጥ የመርካቶን ጫጫታ የምሰማው እኔ ብቻ አይደለሁም ብዬ አምናለሁ። ሲኒማ ራስም፣ በኋላ ራስ ቴአትር የሆነው፣ በዚሁ አካባቢ ነበር የብዙዎችን ዓይን ለትዕይንት የገለጠው።

እንግዲህ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣብኝ እንደሚችል አውቃለሁ። «ኑሮ እንዲህ በከበደበት ዘመን ስለ ጣዕም ማውራት የጠገበ ሰው ጨዋታ አይደለምን?» የሚል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር አቅም ምን ያህል እንደ ወረደ፣ ብር ሲቆጥር ለሚውል ሰው የሚነግረው አያስፈልገውም። ነገር ግን እኔ የምናገረው በየሆቴሉ ስለሚቀርበው የተንዛዛ ግብዣ አይደለም። ያነሣኋቸው ፉልና ሽሮ፣ ሻይና ቡና የድሀ ምግብና መጠጥ ናቸው፤ የሠሯቸውም በአብዛኛው ጎህ ሳይቀድ የሚነሡ ሴቶች ናቸው። ድሀ ጣዕም አያውቅም ብሎ ማሰብ ድህነቱን በስድብ መጨመር ነው። ይልቁንም በተወደደ ዘመን የተበላ እህል በጥንቃቄ ሊቀመስ ይገባዋል። ባቄላው የማን ትከሻ ላይ ተጭኖ እንደ መጣ፣ ዘሪው በዚህ ሰዓት ሰማይ ሰማይ እያየ እንደሆነ አስቦ የሚበላ ሰው ቅንጡ ሳይሆን ባለ ዕዳ ነው። ባለፈው ሰኔ ይህን ለመግለጽ የሞከርሁባት አጭር ግጥም እነሆ፦

ገበሬው ለምድር ዘሩን ቆጠረላት፣
ሰማይ ዋስ ሆነና በዝናም ፈረመላት፤
ከሁለቱ ውል ላይ እኔ የበላሁት፣
ስንኝ ብቻ ሆነ መልሼ የሰጠሁት።

ስንኝ ብቻ መሆኑ ያነሰ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ስንኙም እንኳ አልተከፈለም እላለሁ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስለ ፍቅር፣ ስለ አገር፣ ስለ ስደትና ስለ ጦርነት ብዙ አለው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የውቤ በረሃን ሌሊት በ«ሌቱም አይነጋልኝ» አቆይቶልናል፤ ያ ሰፈር ዛሬ እንደ ድሮው ባይኖርም መጽሐፉን የገለጠ ሰው ይገባበታል። ለራጉኤል ማለዳ እንዲህ ያለ ሰው አላገኘንለትም። በወጋችን መርካቶ ሲነሣ ኪስ አውላቂው፣ ጩኸቱና ጭቃው ይቀድማሉ። እነዚህም እውነት ናቸው፤ ግን የሒሳቡ አንድ ገጽ ናቸው። ወጪው ብቻ ተጽፎ ገቢው የተዘለለበት መዝገብ ለማንም ኦዲተር አይቀርብም።

ጉዳዩ አጣዳፊ የሚሆነውም ከተማዋ እየተለወጠች ስለሆነ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ በእሳት ሲያያዝ አይተናል። በዚያው ዓመት በካዛንቺስ የአዝማሪና የጭፈራ ቤት የነበረው የፈንድቃ ግቢ ለመልሶ ማልማት ፈርሷል። ልማትን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ የሚያፈስ ጣሪያና የተዘጋ ቱቦ የማንም ቅርስ ሊሆን አይችልም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ ቤት ሲቃጠል ወይም ሲነሣ ገማቹ መጥቶ ካሬ ሜትሩን ይለካል፣ ቆርቆሮውንና በሩን ይቆጥራል፣ የዕቃውን ዋጋ ያሰላል። ይህ ሥራው ነው፤ እኔም ለዋስትና የሚቀርቡ የንብረት ግምቶችን ስለማይ ቅጹን አውቀዋለሁ። በቅጹ ላይ «ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው የሚበሉበት ትሪ» የሚል መስመር የለም። «ዝናም ያገናኛቸው ሰዎች ወግ» የሚል የለም። «ተቀበል!» የተባለበት ማዕዘን ስንት ብር እንደሚያወጣ የሚገምት ባለሙያ የለም። ያንን መስመር ሊሞላ የሚችለው ጸሐፊ ብቻ ነው። ካልሞላው፣ አዲሱ ሕንፃ ሲቆም ለፉሏም ለማሲንቆውም ቦታ ይተውላቸው ብሎ የሚከራከር ሰው በእጁ ምን ማስረጃ ይይዛል?

ስለዚህ ለናንተ፣ ንባብንና ጽሕፈትን ለምትወዱ ወዳጆቼ፣ ልመናዬ አጭር ነው። በመጪው ሰኔ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ አንድ ቀን ወደ ራጉኤል ውረዱ። ብሉ፣ ጠጡ፣ አዳምጡ። ከዚያም ጻፉት፤ ያማረ ቃል ሳትፈልጉ፣ ፉሉ ስንት ብር እንደተሸጠ፣ ቡናው በምን ሲኒ እንደተቀዳ፣ አዝማሪው ለየትኛው ስድብ በየትኛው ውዳሴ እንደ መለሰ፣ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሳችሁ ጻፉት። ሒሳብ የሚዘጋው በቁጥር ብቻ አይደለም። ሰኔ ሲያልቅ፣ ከተማዋ የሰጠችንን በአንድ ገጽ እንኳ አስፍረን እንሰንብት።