ጣሪያ አበዛችሁ፤ ወለሉስ?

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ዋናውን ጨዋታ የሚጫወቱት በክረምት ነው። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡም ዝውውሩም እኩል ይጀምራል። የስፖርት ሬዲዮኖች “እገሌ ለእገሌ ፈረመ” እያሉ ሲያበስሩ ይውላሉ። ደጋፊውም ማልያ ይዞ ፎቶ የተነሳውን ተጫዋች እያየ ዋንጫ ያልማል። ያው ተጫዋች አምና በሌላ ማልያ፣ በዚያው ፈገግታ ፎቶ ተነስቶ እንደነበር ማን ያስታውሳል?

ነገሩን ሳላለሳልስ ልበለው። ክለቦቻችን ቡድን አይገነቡም፤ ቡድን ይሸምታሉ። አብዛኞቹ የሚሸምቱት ደግሞ በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋም በጀት፣ ማለትም በእኔና በእናንተ ገንዘብ ነው። ወጪው ከልክ ሲያልፍ የሊጉ ሰዎች ተሰብስበው ጣሪያ ያወጣሉ፤ አንዴ የደሞዝ ጣሪያ፣ አንዴ የወጪ ጣሪያ። መልካም! ግን ቤት በጣሪያ ብቻ ይቆማል እንዴ? ለታዳጊ ተጫዋች የሚሰጠው፣ “ከዚህ በታች አይወርድም” የሚባለው ወለል የት አለ?

ይህን የምጠይቀው ከባሌ ሆኜ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሪራን ላስተዋውቃችሁ።

ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ጎባ ትደርሳላችሁ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ሽቅብ ስትወጡ ሰነቴ አምባ ላይ ትገኛላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ቱሉ ዲምቱ የሚባለው 4,377 ሜትር ጫፍም እዚያው ነው። አምባውን አቋርጣችሁ ቁልቁለቱን ስትጀምሩ፣ የሐረና ደን ሳይውጣችሁ በፊት የምታገኟት መንደር ሪራ ናት። ጉም፣ ቀርከሃ፣ ማር፣ ፈረስ። ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት ከበግና ከፈረስ ጋር በሚጋሩት ሣር ላይ ነው። የቆላ ሰው ደረጃ ወጥቶ በሚያለከልክበት ከፍታ እነሱ ከትምህርት ቤት መልስ እስኪመሽ ይሮጣሉ።

አሁን አንድ ጥያቄ። ከእነዚህ ልጆች መሀል አንዱ ነገ የብሔራዊ ቡድን ተከላካይ መሆን የሚችል ቢሆን፣ በምን በር ይገባል? የክለብ መልማይ ሰነቴን አቋርጦ ይመጣል? ልጁ ጎባ ወርዶ የሚመዘገብበት የታዳጊዎች ውድድር ዓመቱን ሙሉ አለ? እንደምንም አዲስ አበባ ወይም አዳማ ደርሶ “ተስፋ ቡድን” ቢገባስ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ቡድን የሚያስገባው ማን ነው? በክረምት ከአራት ክለብ የተለቀሙ አሥር ተጫዋቾች ከፊቱ ተደርድረውበታል።

“ዋንጫ ግን በግዢ ይመጣል” የሚለኝ አይጠፋም። አዎ ይመጣል። እንዴት እንደሚሄድም አብረን እንይ።

በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ያውም ዋንጫውን ለአራት ተከታታይ ዓመታት ይዞ ከቆየው ከቅዱስ ጊዮርጊስ እጅ ነጥቆ! ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ግብ አስቆጥሮ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ጅማ ጨፈረች፤ ልትጨፍርም ይገባታል። ከዚያ ክረምት መጣ። አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ወደ መቐለ 70 እንደርታ፣ አጥቂው ወደ ግብፁ ኢስማኢሊ ሄዱ። በ2011 ዓ.ም. ገብረመድኅን ዋንጫውን ከመቐለ ጋር ደገመው። ጅማስ? በ2014 ዓ.ም. ወረደ። ከሻምፒዮንነት እስከ መውረድ አራት ዓመት!

ለመውረዱ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ አንድ አሰልጣኝና አንድ አጥቂ ሲሄዱ ዋንጫውም አብሮ የሚሄድ ከሆነ፣ ከተማው በመጀመሪያ የያዘው ቡድን ነበር ወይስ የአንድ ዓመት ኪራይ? ደደቢትንም አስታውሱ። በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ነበር። በ2009 ዓ.ም. ጌታነህ ከበደ በደደቢት ማልያ 25 ግብ አስቆጠረ። በ2011 ዓ.ም. ክለቡ ከሊጉ ወረደ። ኮከብ የገዛ ክለብ ኮከቡ ሲሄድ የሚተካው ከታች የመጣ ልጅ ከሌለው፣ የሚቀረው ማልያና የቢሮ ቁልፍ ነው።

ተቃራኒውን ማየት ለሚፈልግ ኢትዮጵያ ቡናን እናምጣለት። አቡበከር ናስር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ቡና ገባ። እንደ ሌሎቹ በየክረምቱ አልዞረም፤ በአንድ ማልያ ዓመታት ቆየ። ተሳስቶ እንዲማር፣ ተጎድቶ እንዲመለስ ጊዜ አገኘ። በ2013 ዓ.ም. 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አመራ። ከዚያ በኋላ ጉዳት ቢፈትነውም፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ክብረ ወሰኑን የሰበረው በውድ ተገዝቶ የመጣ እንግዳ አይደለም። ታግሰው የጠበቁት ልጅ ነው።

ወደ ጣሪያው እንመለስ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። “ጣሪያው ወረቀት ላይ ቀረ” ብሎ ያላጉረመረመ የስፖርት ጋዜጠኛ ጥቂት ነው። ቆይቶ ደግሞ ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር የክለቦችን የተጫዋች ወጪ የሚገድብ መመሪያ ይዞ መጣ። ሐሳቡን አልቃወምም፤ የሕዝብ ገንዘብ ልጓም ያስፈልገዋል። ግን ጣሪያ ዋጋን ይገድባል እንጂ ልማድን አይቀይርም። በ10 ብር ይገዛ የነበረውን በ7 ብር እንዲገዛ ታስገድደዋለህ፤ የሚገዛው ግን ያንኑ ነው። ታዳጊውን የሚያስገባው ሕግ ሌላ ነው።

እንዲህ ያለ ሕግ የት አለ ለሚለኝ ወደማናውቀው ጨዋታ፣ ወደ አሜሪካ ቤዝቦል ልውሰደው። እዚያ አንድ ክለብ ዋና ዝርዝሩ ላይ ከ40 ተጫዋች በላይ መያዝ አይችልም። በሥሩ በታችኞቹ ሊጎች የሚያሳድጋቸው ብዙ ወጣቶች አሉት። በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በፊት የፈረመ ወጣት አምስት የውድድር ዘመን፣ በ19ና ከዚያ በላይ የፈረመ ደግሞ አራት ከቆየ በኋላ ክለቡ በኅዳር ወር ቁርጡን ይወስናል፦ ወይ ከ40ዎቹ ውስጥ ያስገባዋል፣ ወይ ሌላ ክለብ ሊወስደው ይችላል። የወሰደው ክለብም 100 ሺህ ዶላር ይከፍላል፤ ልጁንም የሚቀጥለውን ዓመት ሙሉ በ26ቱ የዋናው ቡድን ተሰላፊዎች ውስጥ ማቆየት አለበት። ካልሆነ ለቀድሞው ክለብ መልሱን ያቀርባል። በዚህ መንገድ ነው ፒትስበርግ በ1954 እ.ኤ.አ. ብሩክሊን ዶጀርስ ከሥር ደብቆ ያስቀመጠውን ሮቤርቶ ክሌመንቴን የወሰደው። ክሌመንቴ የቤዝቦል ታላላቆች ከሚባሉት አንዱ ሆነ፤ ዶጀርሶችም እጃቸውን ነከሱ።

የሕጉ መንፈስ ገባችሁ? ለሀብታሙ ክለብ “ልጁን ወይ አጫውተው፣ ወይ ልቀቀው” ይለዋል። እኛ ዘንድ ግን ልጁ ተስፋ ቡድን ውስጥ ይፈርማል፣ ሦስት ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ያሞቃል፣ ልሂድ ሲል “መልቀቂያ የለህም” ይባላል። ሀያ ሦስት ዓመት ሲሞላው “አልበሰለም” ተብሎ ይሰናበታል። እሳቱን ሳይለኩሱ ወጡ አልበሰለም ማለት ምን ይሉታል?

“የባሌ ልጅ ለሩጫ እንጂ ለኳስ አይሆንም” የሚል ቀልድም ሰምቻለሁ። እሺ፣ ስለ ሩጫ እናውራ። ጎረቤታችን አርሲ በቆጂ የምትባል ከተማ አለች። ሰንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር እዚያ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጠው በየማለዳው ልጆች አሯሯጡ። ከእጃቸው ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጡ። ባርሴሎና፣ አትላንታ፣ አቴንስ፣ ቤጂንግ ላይ ወርቅ! በቆጂ ልዩ አፈር ስላላት ነው? ደጋ እንደሆነ ባሌም ደጋ ነው። ልዩነቱ በቆጂ ላይ አንድ ሰው አይቶ፣ መዝግቦ፣ ታግሶ መቆየቱ ነው። ተሰጥኦ በየኮረብታው ተበትኗል፤ የጎደለው የሚያይ ዓይን ነው።

“ገንዘብ የለንም” የሚለውን ምክንያትም ከሥሩ እንንቀለው። ፊፋ የአብሮነት ክፍያ የሚባል አሠራር አለው። አንድ ተጫዋች በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዘዋወር፣ ከዝውውር ሒሳቡ 5 በመቶ የሚሆነው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 ጀምሮ ለያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ። ሒሳቡን እንሥራ፦ አንድ የጎባ ክለብ አንድ የሪራ ልጅን ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ቢያሳድግና ልጁ አንድ ቀን በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ፣ የጎባው ክለብ ድርሻ 10 ሺህ ዶላር ነው። በአንድ ልጅ! ለስንት ኳስ፣ ለስንት ጫማ፣ ለስንት የመምህር አበል እንደሚበቃ እናንተው አስሉት።

ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ልጁ በዚያ ዕድሜው በፌዴሬሽኑ እውቅና ባለው ክለብ ስም ተመዝግቦ መገኘት አለበት። ያልተመዘገበ ልጅ ለፊፋ አልተወለደም። ስለዚህ ለሪራው ልጅ መታወቂያ ያላወጣለት ወረዳ፣ “በጀት የለኝም” እያለ ሊያገኝ የሚችለውን ገንዘብ በገዛ እጁ እየጣለ ነው።

አሰልጣኞችን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። አምስት ጨዋታ ሲሸነፍ የሚባረር ሰው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ደፍሮ አያሰልፍም፤ የሚያውቀውን የሠላሳ ዓመት ተከላካይ ያስፈርማል። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አደርገዋለሁ። ተጫዋቹንም አልወቅስም። ዕድሜው አጭር ነው፣ ቤተሰብ አለው፤ የተሻለ የከፈለው ጋ ይሄዳል። ጥፋቱ ያለው ሁሉም ሰው በየግሉ ብልህ ሆኖ አገር ሲከስር ዝም ብሎ የሚያይ ሥርዓት ላይ ነው። ለዚህ ነው ምክር ሳይሆን ሕግ የምጠይቀው። ወለሉ እንዲህ ይሁን፦

አንደኛ፣ እያንዳንዱ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በዓመት ውስጥ ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ተጫዋቾች የሚሰጠው ዝቅተኛ የደቂቃ መጠን ይወሰን። ስም ዝርዝር ላይ መስፈር አይቆጠርም፤ ሜዳ ላይ የተሮጠ ደቂቃ ይቆጠር። ያላሟላ በሚቀጥለው ክረምት የማስፈረም መብቱ ይቀነስ።

ሁለተኛ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተጫወተ የተስፋ ቡድን ልጅ መልቀቂያ ሳይለምን በነጻ ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ለክለብ በጀት የሚያጸድቅ ምክር ቤት ሁሉ አንድ ገጽ ይጠይቅ፦ በዚህ ክረምት ስንት ሰው ፈረመ? ለስንት ዓመት? ከራሳችሁ ተስፋ ቡድን ያደገው ስንት ነው? አምና የፈረሙትስ ዛሬ የት ናቸው? ይህችን አንድ ገጽ መመለስ የማይችል ክለብ ብር አይሰጠው።

አራተኛ፣ በሮቤ፣ በጎባ፣ በዲንሾ፣ በሪራ ያሉ የስፖርት መምህራን የመልማይነት አበል ይከፈላቸው፤ ልጆቹም ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ ይመዝገቡ። የአንድ ፈራሚ የጥቂት ወራት ደሞዝ የብዙ መምህራንን የዓመት አበል ይሸፍናል።

“ይህ ሁሉ ሲሆን ዋንጫው ይዘገያል” ትሉኝ ይሆናል። ይዘግያ! ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት መጠበቅ የቻለ ሕዝብ ለአንድ ልጅ አምስት ዓመት መታገስ ያቅተዋል?

እናም የክለብ ቦርድ አባላት ሆይ፣ በሚቀጥለው ክረምት ማልያ አስይዛችሁ ፎቶ ስታነሱ፣ ከፈራሚዎቹ መሀል አንዱ እንኳ የራሳችሁ ልጅ ይሁን። ደጋፊዎች ደግሞ “ማን ፈረመ?” ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት “ማን አደገ?” ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ በየስታዲየሙ እስኪለመድ ድረስ የሪራው ልጅ ሰነቴን ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አያገኝም።

ቸር እንሰንብት!