የአውራ ጣታችን ቀለም

እኩዮቼ፣ በኦቶናና በዙሪያዋ ለሽምግልና የምትቀመጡ ወንድሞቼ፤ ሳልናገር ብሞት የልጅ ልጆቻችን አጥንቴን ይወቅሳሉና ስሙኝ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውን አዋጅ ቁጥር 31 ታስታውሳላችሁ። ለጌታው ሲሶና እኩል ሲያስረክቡ የኖሩ አባቶቻችን ከጢሰኝነት ወጡ። መሬት መሸጥም፣ ማከራየትም፣ በመያዣ መስጠትም ተከለከለ። ዛሬ ግን ጢሰኝነት መልኩን ገልብጦ ተመልሷል። ድሮ ድኻው አራሹ ነበር፤ አሁን ብዙ ጊዜ ድኻው ባለመሬቱ ነው። የብዙዎቻችን ይዞታ ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም። በሬ የሌላት መበለት መሬቷን ይዛ ትራባለች፤ በሬና ማዳበሪያ ያለው ደግሞ የሦስት የአራት ቤት ማሳ ይሰበስባል።

አምና አንዲት መበለት ልጇን ለማሳከም ተበደረች፤ ሾካዋን፣ ከቤት ራቅ ያለውን ማሳ፣ በወለድ አገድ ሰጠች። ብድሩ እስኪመለስ አዝመራው የአበዳሪው ነው። አዝመራው ከሄደ ብድሩን በምን ትመልስ? በመከር በዚያ ሳልፍ በገዛ ማሳዋ በቀን ሥራ ተቀጥራ በቆሎ ስትሸለቅቅ አገኘኋት። ቀና ብላ «እንደምን አደሩ አባቴ» አለችኝ። እኔ ግን መልስ አጣሁ።

አራሹም ይበደላል። በቃል ብቻ መሬት የእኩል የያዘ ወጣት ፍግ ተሸክሞ፣ ማዳበሪያ በዱቤ ገዝቶ መሬቱን ያቀናል፤ በቆሎው ሊያሽት ሲል «ልቀቅ» ይባላል። ነገ ለሰው መሬት ፍግ የሚሸከም ማን ይኖራል?

ሕጉ መንገድ አሳይቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 456/1997 ገበሬው መሬቱን ሲያከራይ ራሱን እስከማያፈናቅል ልክ ብቻ እንዲሆን፣ በይዞታው መብት ያላቸው ቤተሰቦች እንዲስማሙ፣ ውሉም እንዲመዘገብ አዘዘ። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደርን ፈቅዷል። ለጎበዝ ገበሬ ጥሩ በር ነው፤ ለጊፋታ በዓል በሬና ለሠርግ ድግስ ለሚበደር ግን ገደል ነው።

ስለዚህ አስጠነቅቃችኋለሁ። ዘመኑ ባልተቆረጠ ውል ላይ ምስክር አትሁኑ። ሚስት ያልሰማችውን፣ መሬት ጽሕፈት ቤት ያልመዘገበውን አትፈርሙ። የቤት ጓሮ እንሰት በመያዣ ሲጠራ ተነሥታችሁ ሂዱ። አራሽም የዘራውን ሳይሰበስብ ሲነቀል ዝም አትበሉ። አበዳሪው ያለ ምስክር አያበድርም፤ ምስክሮቹ ደግሞ እኛ ነን።

ያቺ ሴት ማሳዋን ዘንድሮም አልመለሰችም። ውሉ ላይ ከታተሙት አሻራዎች አንዱ የእኔ ነው።